ዛሬ በታሪክና በገበያ፦ ለሐዋሳ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ የዕለት ዝግጅት አሠራር

በጠዋት ሰልፍ ከሚነበቡ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅቶች መካከል ተለያይተው ሲቀርቡ የሚያሳዝኑኝ ሁለት ናቸው፤ «ዛሬ በታሪክ» እና የንግድ ዜና። አንዱ ተማሪ ከስልኩ ያገኘውን የሩቅ አገር ሰው ልደትና ሞት ይዘረዝራል። ሌላው ተነሥቶ የዶላር ምንዛሪና የአክሲዮን ቁጥር ያነባል። ተሰላፊው ከሁለቱም ይዞት የሚገባ ነገር የለም። ይህ መመሪያ ሁለቱን አዋሕዶ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ንባብና በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍ አንድ ገጽ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያሳያል። የተጻፈው ክበቡን ለሚመሩ መምህራንና ማይክሮፎኑን ለሚይዙ ተማሪዎች ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ ያዙ። ታሪኩና ዋጋው ጎን ለጎን የሚቀመጡት ታሪኩ ለዛሬው ዋጋ ምክንያቱን ወይም መለኪያውን ሲሰጥ ብቻ ነው። ቀናቸው ስለገጠመ ብቻ አይጣመሩም። ሐዋሳ ላይ ይህን ሕግ መጠበቅ ከባድ አይደለም። ከሰልፈኛው ውስጥ የአንዱ ቤተሰብ በአለታ ወንዶ ወይም በበንሳ ቡና አለው፣ የሌላዋ እኅት በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ትሰፋለች፣ የሦስተኛው አባት ባጃጅ ያሽከረክራል። ሦስቱም ቤቶች በየቀኑ ከዓለም ገበያ ጋር እየተገናኙ ነው፤ የሚነግራቸው ሰው ግን የለም።

1. የቀን መዝገብ አዘጋጁ

ይህ ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በክረምት ዕረፍት የሚሠራ ነው። ወፍራም ደብተር ግዙና ለእያንዳንዱ ቀን ግማሽ ገጽ መድቡ፤ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 6። ኮምፒውተር ካላችሁ ሠንጠረዥ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ክስተት አራት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከኑሮና ከዋጋ ጋር የሚያገናኘውን በሌላ ዓረፍተ ነገር። አራተኛው ባዶ ከቀረ ክስተቱ ለሌላ ዝግጅት ይቆይ።

ትልቁ ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው የቀኑ ልዩነት ነው። በአብዛኛው ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ የአንድ ቀኑ ልዩነትም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ከማርች 1 ጀምሮ ሁለቱ አቆጣጠሮች ወደ መደበኛው ልካቸው ይመለሳሉ። ዘመኑን ለማወቅ ዓመቱን ለ4 አካፍሉ። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ 1980፣ 2012 እና 2016 እንዲህ ናቸው።

በተግባር እንየው። በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ታሪክ ዋጋ በአንድ ቀን ክፉኛ የወደቀበትና «ጥቁር ሰኞ» የሚባለው ቀን ኦክቶበር 19 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ነው። ኦክቶበር 19 በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 9 ነው። 1980 ዓ.ም. ግን ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ያ ሰኞ በእኛ ጥቅምት 8 ቀን 1980 ዓ.ም. ነበር። ታዲያ በየትኛው ቀን ይነበብ? የምመክረው እንዲህ ነው፦ የኢትዮጵያን ክስተት በኢትዮጵያ ቀን፣ የውጭውን በውጭው ቀን አስቡት። አሜሪካውያን ጥቁር ሰኞን የሚያስታውሱት ኦክቶበር 19 ነውና እናንተም ያ ቀን በዓመቱ በሚውልበት የእኛ ቀን አንብቡት።

ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ለሆኑ ነገሮች ደግሞ ሌላ የአንድ ቀን ልዩነት አለ። የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለለ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ዓድዋ ግልጽ ምሳሌ ነው። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በጊዜው የአውሮፓውያን ቀን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። የውጭ መጻሕፍት ማርች 1 ሲሉ የእኛ በዓል ማርች 2 ላይ መዋሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ አንዱም ስሕተት አይደለም። ለተማሪ ይህን ማስረዳት ብቻውን አንድ ጠዋት ይገባዋል።

በዚያው በ1888 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 19 ቀን (ሜይ 26 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.) የትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚለካው ኢንዴክስ፣ የዳው ጆንስ የኢንዱስትሪ አማካይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኒውዮርክ ታተመ። ያኔ የያዘው 12 ድርጅቶችን ነበር። ምኒልክ የካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን ሲያስመርቁ ያ ቁጥር ገና አሥር ዓመት አልሞላውም። ይህን የምጠቅሰው ለመዝገባችሁ የዘመን ሚዛን ስለሚሰጥ ነው፤ የዓለም ገበያ ከእኛ ታሪክ እጅግ ቀድሞ የተሠራ ጥንታዊ ነገር የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው።

በመጨረሻ፣ ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትጽፉ አትለፉ። «ባንኮች በ1967 ተወረሱ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአንዱ የደርግን መጀመሪያ፣ ለሌላው የንጉሡን ዘመን ያመለክተዋል። ትክክለኛው ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በእነርሱ ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1975።

ለመጀመሪያው መዝገብ የሚሆኑ፣ ለሐዋሳ ሰልፍ ትርጉም ያላቸው ጥቂት ቀኖች እነሆ፦

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፦ ባለ 200 ብርን ጨምሮ አዳዲስ የብር ኖቶች ይፋ ሆኑ።
መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም.፦ ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ መክሰሩን አሳወቀ።
ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፦ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ።
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ።
ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም.፦ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት ጀመረ።
ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ።
ሐምሌ 11 ቀን 1967 ዓ.ም.፦ በብራዚል ፓራና ግዛት የወረደው ውርጭ የቡና ተክሉን አቃጠለው።
ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፦ ከነጻነት በኋላ የታተመው የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ።
ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ።

የሐምሌዎቹ ቀኖች ትምህርት በሌለበት ስለሚውሉ በሰልፍ አይነበቡም። ለሰሌዳው፣ ለክረምት ትምህርትና እንደ መለኪያ ለመጥቀስ ግን ያስፈልጋሉ።

2. የነገውን ክስተት ምረጡ

በየምሽቱ መዝገቡን ከፍታችሁ ለነገ አንድ ክስተት ብቻ ምረጡ። ሁለት አይሁን። የሰልፍ ጆሮ አንድ ታሪክ ይይዛል።

ክስተቱን ከመቀበላችሁ በፊት እርስ በርስ ባልተገለባበጡ ሁለት ምንጮች አረጋግጡት። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚል ቃል ያለበትን ደግሞ በሦስተኛ ምንጭ ፈትሹ። የ2017ቱ ገበያ ሲከፈት ኢትዮጵያ ውስጥ አክሲዮን ሲሸጥና ሲገዛ የመጀመሪያው እንደሆነ አድርጎ የሚናገር ሰው ያጋጥማችኋል። በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን የሚገበያይበት አሠራር ነበር፤ የቆመው ከአብዮቱና ከውርሱ ጋር ነው። ይህን ያወቀ ተማሪ ጥር 2ን በተሻለ ሁኔታ ይረዳዋል፤ አዲሱ ገበያ የተቋረጠ ነገር ተመልሶ ሲጀመር ነውና።

የሐዘን ቀኖችን ለይታችሁ ያዙ። የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ነው፤ በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ትእዛዝ የተጨፈጨፉት የሚታሰቡበት። በዚያ ጠዋት የገበያ ዜና አይነበብም፤ በሰሌዳው ላይ ብቻ ይለጠፍ። የሞቱ ሰዎችን ስም ጠርቶ ወዲያው ወደ አክሲዮን መዝጊያ መሻገር ነውር ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

3. የገበያውን ቁጥር ከቅርብ ወደ ሩቅ ሰብስቡ

ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው ከኒውዮርክ ስለሚጀምር ነው። ከሐዋሳ ጀምሩ።

ቡና ይቅደም። የምርት ገበያው ዋጋ በፈረሱላ ነው የሚነገረው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። የዕለቱን ዋጋ ስትጽፉ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ የሲዳማ መሆን አለመሆኑንም ጨምሩ። ያለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ሁሉም ቡና በምርት ገበያ እንደማያልፍም አስታውሱ፤ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና አንዳንድ አምራቾች በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካሉ። በመኸር ወራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ገበሬው የሚሸጠው እሸት ቡና በኪሎ ስለሆነ የእሸቱን ዋጋ ለብቻው ያዙ። አንድ ኪሎ ለገበያ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ይፈጃል፤ ሁለቱን ዋጋ ያለዚህ ስሌት ማወዳደር ገበሬውን ያለ አግባብ የተበዘበዘ፣ ወይም ያለ አግባብ የተጠቀመ ያስመስለዋል።

የኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ የሚነገረው በፓውንድ ክብደት በአሜሪካ ሳንቲም ነው። ወደ ፈረሱላ ለመቀየር በ37.5 አባዙት፤ በ17 ኪሎ ውስጥ ያለው ፓውንድ ይህን ያህል ነው። ፓውንዱ 3 ዶላር ቢሆን ፈረሱላው ከ112 ዶላር ጥቂት ይበልጣል። ያንን በዕለቱ የባንክ ተመን ስታባዙ ወደ ብር ይመጣላችኋል። ውጤቱ ከምርት ገበያው ዋጋ ጋር እኩል አይሆንም። በመካከል ማዘጋጃ፣ ማጓጓዣ፣ የላኪው ወጪና የደረጃ ልዩነት አለ። ለሰልፉ የሚጠቅመው ሁለቱ ዋጋዎች አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ ወይስ ተለያዩ የሚለው ነው።

ቀጥሎ ምንዛሪ። መግዣና መሸጫውን ለዩ፣ የየትኛው ባንክ እንደሆነ ጥቀሱ።

ነዳጅን በየቀኑ ማንበብ አያስፈልግም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የችርቻሮ ዋጋ ሲከልስ የሐዋሳውን ዋጋ አንብቡ፤ በማጓጓዣ ርቀት ምክንያት ከአዲስ አበባው ይለያል።

ከዚያ የአገር ውስጥ አክሲዮን። እዚህ ላይ ሁለቱን ተቋማት አታደባልቁ። የምርት ገበያ ቡናና ሰሊጥ የሚሸጥበት ነው፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ አክሲዮንና የግምጃ ቤት ሰነድን የመሳሰሉ የሚገበያዩበት ነው፤ በመክፈቻው የተመዘገበው የመጀመሪያው ድርጅት ወጋገን ባንክ ነበር። የአክሲዮን ዋጋ ስትዘግቡ የተሸጠውን የአክሲዮን ብዛትም አብራችሁ ጻፉ። ጥቂት አክሲዮን በሚገበያይበት ገበያ አንድ ሻጭና አንድ ገዢ ዋጋውን ሊያንቀሳቅሱት ስለሚችሉ ብዛቱ ያልተነገረበት «ጨመረ» ሰሚውን ያሳስታል። በገበያው ያልተመዘገበ አክሲዮን የተሸጠበት ዋጋ ደግሞ የገበያ ዋጋ አይባልም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር፤ ያ ድርጅቱ የወሰነው የሽያጭ ዋጋ ነው።

ኒውዮርክ የመጨረሻዋ ናት፤ ሰዓቷን ካላወቃችሁ የትናንቱን ዜና የዛሬ ብላችሁ ታነባላችሁ። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ድረስ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ከ30 ተከፍቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይዘጋል። በቀሪው ጊዜ 11 ሰዓት ከ30 ተከፍቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ ጠዋት በሰልፍ የምታነቡት የትናንቱን መዝጊያ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ የዓርቡን። «ትናንት ማታ ሲዘጋ» ወይም «ዓርብ ሲዘጋ» በሉ። የገናና የመስቀል ዕለት እኛ ስናርፍ እነርሱ በሥራ ላይ ናቸውና ከበዓል በኋላ ያለውን ጠዋት ስታዘጋጁ የተዘለለውን ቀን ፈልጉ።

4. ስሌቱን ሁለት ጊዜ ሥሩ

ነጥብና መቶኛ አይምታቱባችሁ። በጥቁር ሰኞ ዳው ጆንስ 508 ነጥብ ወረደ፤ ይህ የዋጋውን 22.6 በመቶ ነበር፤ በአንድ ቀን የደረሰ ጥፋት። ኢንዴክሱ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40,000 በላይ ዘግቷል። ከ40,000 ላይ 508 ነጥብ ቢወርድ 1.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የተለመደ መጥፎ ቀን። ስለዚህ ነጥብ ብቻ የያዘ ዜና አታንብቡ፤ መቶኛውን አስሉና እሱን አስቀድሙ።

መቶኛው ራሱ ከየት እንደተነሣ ይወሰናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር መግዣ ከ57.48 ብር ወደ 74.73 ብር ወጣ። ብዙ ዘገባ «ብር በ30 በመቶ ወረደ» አለ። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ዶላሩ በብር ሲለካ 30 በመቶ ጨመረ፤ ትክክል ነው። ብሩ በዶላር ሲለካ ግን ያጣው 23 በመቶ ገደማ ነው፤ 57.48ን ለ74.73 አካፍሉና ከአንድ ቀንሱት። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ስሕተት የሚሆነው አንዱን በሌላው ስም መጥራት ነው። የሒሳብ መምህራችሁን አንድ ጠዋት ጋብዙና ይህንኑ በሰሌዳው ላይ ያስረዱት፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመቶኛ መልመጃ አያገኝም።

የድሮን ዋጋ ከዛሬ ስታወዳድሩ የገንዘቡን የመግዛት ኃይል አትርሱ። የ1967 ዓ.ም. የብራዚል ውርጭ የቡናን ዋጋ እያናረው ሄዶ በ1977 እ.ኤ.አ. ፓውንዱ ከ3 ዶላር አለፈ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ሲሆን «በታሪክ ከፍተኛው» ተብሎ ተዘገበ። በቁጥር እውነት ነው። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የዶላር የመግዛት አቅም ከአምስት እጥፍ በላይ ቀንሷል። የ1977ቱ 3 ዶላር በዛሬው ገንዘብ ከ15 ዶላር የሚበልጥ ነበር። አያቱ በይርጋለም በኩል ቡና የሸጡ ተማሪ «በድሮ ጊዜ ቡና ሀብት ነበር» የሚለውን የቤት ወግ በዚህ ስሌት መዝኖ ሊያየው ይችላል።

5. ታሪኩን ከዋጋው ጋር አያይዙ

ሦስት ዓይነት እውነተኛ ትስስር አለ። አንደኛው ምክንያት ነው፤ ያኔ የሆነው ነገር የዛሬውን አሠራር ፈጠረ። ሁለተኛው መለኪያ ነው፤ ያኔ የነበረው ቁጥር የዛሬውን ትልቅነት ወይም ትንሽነት ያሳያል። ሦስተኛው አንድ ዓይነት አካሄድ ነው፤ ያኔና ዛሬ ነገሩ የተጓዘበት መንገድ ይመሳሰላል። ከሦስቱ አንዱን ካላገኛችሁ አታያይዙ፤ ታሪኩን ለብቻው፣ ዋጋውን ለብቻው አንብቡና ጨርሱ።

አንድ የሚያታልል ምሳሌ ልስጣችሁ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮች ተወረሱ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለአፍሪካ ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ አጎዋ ከሚባለው፣ ኢትዮጵያ ወጣች፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችም ከቀዳሚዎቹ ተጎጂዎች መካከል ነበሩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ትልልቅ የኢኮኖሚ ክስተቶች። ሊያያዙ የሚገቡ ይመስላሉ። ነገር ግን ሁለቱም በዚያ ቀን የዋሉት ጃንዩዋሪ 1 የአውሮፓውያን ዓመት መጀመሪያ ስለሆነና ሕግና ውሳኔ ከዓመት መባቻ ጀምሮ እንዲጸና ማድረግ የተለመደ ስለሆነ ነው። ሌላ ገመድ የላቸውም። ለታኅሣሥ 23 ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሐዋሳ ላይ እኔ አጎዋን እመርጣለሁ፤ በሰልፉ ውስጥ በዚያ ጊዜ እናታቸው ወይም እኅታቸው ከፓርኩ ሥራ የቀረች ልጆች ይኖራሉና። በጥንቃቄና በአክብሮት አንብቡት።

አሁን ደግሞ እውነተኛውን ተመልከቱ። ጥቅምት 7 ቀን 1966 ዓ.ም. (ኦክቶበር 17 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.) የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት ምርታቸውን ለመቀነስ ወሰኑ፤ የሽያጭ ዕገዳም ተከተለ። የበርሜሉ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ። ጭማሪው አዲስ አበባ ደረሰ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የታክሲ አሽከርካሪዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከሥልጣን ወረዱ። ለአብዮቱ መሬት፣ ረሃብና ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የነዳጁ ዋጋ ብቻውን አላመጣውም፤ ይህንንም መናገር ግዴታ ነው። ነገር ግን የዓለም ዋጋ በመንገድ ላይ ወዳለ ሰው እንዴት እንደሚደርስ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ሰንሰለት የለንም። ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ለሚመላለስ ተማሪ የነዳጅ ዜና ከዚህ ጋር ሲቀርብ ሩቅ አይሆንበትም።

«ታሪክ ራሱን ይደግማል» የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ነገ ዋጋው እንዲህ ይሆናል ብላችሁም አትተንብዩ። «ይህን አክሲዮን ግዙ» የሚል ምክር ደግሞ ከሚኒ ሚዲያ ጨርሶ መውጣት የለበትም፤ የመዋዕለ ንዋይ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያወጣሉ።

6. ለጆሮ ጻፉ

አራት ደቂቃ ንባብ ከ400 ቃላት ብዙም አይበልጥም። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ቁጥር። ሲነበብ 74.73 «ሰባ አራት ብር ከሰባ ሦስት ሳንቲም» ይባል። ትልልቅ ቁጥሮችን አጠጋግታችሁ አንብቡ፤ ትክክለኛው ቁጥር በሰሌዳው ይለጠፋል። ለየካቲት 11 የሚሆን አጻጻፍ ከዚህ በታች አለ፤ ነጠብጣቡን በዕለቱ ቁጥር ሙሉት፦

«እንደምን አደራችሁ። ዛሬ የካቲት 11 ቀን ነው። በ1966 ዓ.ም. በዛሬዋ ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲ አሽከርካሪዎች መኪናቸውን አቆሙ። የነዳጅ ዋጋ ጨምሮባቸው ነበር። ጭማሪው የመጣው ከአራት ወር በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ከተነሣ ጦርነት ነው። አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ በጥቂት ወራት ውስጥ በአራት እጥፍ ተወደደ። የዚያን ጊዜው መንግሥት ዋጋውን በከፊል ለመቀነስ ተገደደ። ትናንት በዓለም ገበያ አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ …… ዶላር ተሽጧል፤ ከሳምንቱ መጀመሪያ …… በመቶ ልዩነት አለው። በሐዋሳ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ …… ብር ነው። የሲዳማ የታጠበ ቡና ትናንት በምርት ገበያ በፈረሱላ …… ብር ውሏል። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ትናንት ማታ ሲዘጋ …… በመቶ …… ። ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። መልካም የትምህርት ቀን።»

አንባቢው ይህን በምሽት ጮክ ብሎ አንድ ጊዜ ያንብበው። የሚያደናቅፈው ቃል ካለ ቃሉ ይቀየር።

7. ጠዋት

ከሰልፉ በፊት ሌላ ተማሪ፣ ጽሑፉን ያልጻፈው፣ ቀኑንና ቁጥሮቹን ከምንጩ ጋር ያመሳክር። ሌሊት የተለወጠ ዋጋ ካለ በእስክሪብቶ ይታረም። ስሕተት ከተነበበ በማግሥቱ ዝግጅቱ የሚጀምረው በማረሚያ ነው፤ «ትናንት እንዲህ ብለን ነበር፤ ትክክሉ ይህ ነው» ብሎ፣ ከዚያ ወደ ዕለቱ።

የተነበበውን ወረቀት ሁሉ ቀኑን ጽፋችሁ በፋይል አኑሩ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀን ታሪኩ ተመሳሳይ ቢሆንም ዋጋዎቹ ሌላ ይሆናሉ፤ ያኔ ከአምናው ወረቀት የቡናውን፣ የነዳጁንና የምንዛሪውን ቁጥር አውጥታችሁ ከአዲሱ አጠገብ ትጽፋላችሁ። ክበቡን ለሚረከቡት የሚተላለፈውም ይህ ፋይል ከቀን መዝገቡ ጋር ነው፤ ሁለቱን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስመዝግባችሁ ቅጂውን በዚያ አስቀምጡ።